ድንጋይ ላይ ውሃ ሳፈስ ኖርኩ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጣ። ጂኦሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ "ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ የጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ማጥናት እንጀራ ይሆናል?" አለኝ። ሳቅሁና ግማሽ መልስ ሰጠሁት። ማታ ግን ቆጨኝ፤ ልጁ ለግማሽ መልስ አልመጣም ነበር። ቀሪውን እዚህ ልጻፍለት። እሱን የመሰላችሁም አብራችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የእንጀራውን ነገር እንጨርስ። ብቻውን አይሆንም። እኔ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልኩት የውሃ ጉድጓድ ቦታ እየመረጥኩ ነው። ወርቅ ፍለጋ፣ ሲሚንቶ፣ ጂኦተርማል፣ የመንገድ ሥራ፣ ሁሉም ያስከብራል። "ይሄማ ሳይንስ አይደለም" የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ የቤት ኪራያችሁን እንዲከፍልላችሁ ጠይቁት።

እስካሁን በህልሜ የማየው ሥራ ግን ሌላ ነው። ጥቁር ድንጋይ መብሳት። ሙያው ፓሊዮማግኔቲዝም ይባላል። ሞተሩ የእንጨት መቁረጫ ሞተር የሚመስል፣ በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ድሪል ትይዛላችሁ። ጫፉ ላይ አልማዝ የተለበጠበት ክፍት ቱቦ አለ። ባሳልት ከሚባለው ጥቁር የላቫ ድንጋይ ውስጥ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ጣት የሚያህል ናሙና ይዞ ይወጣል። ቱቦው እንዳይቃጠል ውሃ ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ጀሪካን ተሸክመን ተራራ እንወጣለን፤ ከዚያ ውሃውን ድንጋይ ላይ እናፈሳለን። ይሄ በአማርኛችን የከንቱ ድካም ስም እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቀን ወሎ ውስጥ አንድ እረኛ ልጅ ቆሞ ሲያየን ቆየና "ይበቅላል ብላችሁ ነው?" አለን። ረዳቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ድሪሉን አጠፋው።

ምን እንደምንፈልግ ልንገራችሁ። ላቫ ሲፈስ ሙቀቱ 1100 ወይም 1200 ዲግሪ ይሆናል። ይቀዘቅዝና ድንጋይ ይሆናል። በውስጡ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅንጣቶቹ ማግኔት ይሆናሉ፤ የዚያን ቀን የምድር ማግኔታዊ መስክ ወዴት እንደነበረ ይይዛሉ። ብዙ ሰው ቅንጣቶቹ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ኮምፓስ መርፌ እየዞሩ የሚሰለፉ ይመስለዋል። አይደለም። 580 ዲግሪ ላይ ድንጋዩ ከደረቀ ቆይቷል፤ ምንም የሚዞር ነገር የለም። የሚሰለፈው በቅንጣቱ ውስጥ ያለው ማግኔትነት ነው። ፈተና ላይ ይሄን አሳስቶ የሚጽፍ ተማሪ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ከእናንተ አንዱ እንዳይሆን።

ይሄ አቅጣጫ ታዲያ ምን ይነግረናል? ድንጋዩ ሲወለድ ከምድር ወገብ ምን ያህል ይርቅ እንደነበረ። የምድር መስክ በምድር ወገብ ላይ ጠፍጣፋ ነው፣ በዋልታ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይገባል፣ በመካከል ዝንባሌው በሥርዓት ይጨምራል። ቀመሩም ቀላል ነው፤ የዝንባሌው ታንጀንት የላቲቲዩዱ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ) ታንጀንት ሁለት እጥፍ ነው። ለ44 ዲግሪ ብታሰሉት ዝንባሌው 63 ገደማ ይወጣል። ማግኔታዊው ወገብ ዛሬ በአገራችን በኩል ስለሚያልፍ አዲስ አበባ ላይ መርፌው ከሞላ ጎደል ተጋድሞ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። ለአውሮፓ የተሠራ ኮምፓስ ገዝታችሁ እዚህ ብታመጡት ደቡቡ ጫፍ ደፋ ይላል፤ እዚያ ሰሜኑ ጫፍ ስለሚወርድ በደቡብ በኩል ክብደት ጨምረውበታል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። ዛሬ ገጿ ፕሌት በሚባሉ ቁራጮች ተከፋፍሏል፣ ቁራጮቹም ይጓዛሉ። መቼ ነው መጓዝ የጀመሩት? አንዳንዶች ገና ከማለዳው ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የጥንቷ ምድር ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ነበረች ይላሉ፤ ከውስጥ ትፍለቀለቃለች፣ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ፕሌት የመጣው ኋላ ነው። ሁለቱም ወገን ቀላል ሰዎች አይደሉም። ክርክሩ የማያልቀው ማስረጃው ስለሰመጠ ነው። ዛሬ ያለው የውቅያኖስ ወለል በአብዛኛው ከ200 ሚሊዮን ዓመት አይበልጥም፤ የቀድሞው ተመልሶ ከምድር ቅርፊት በታች ወዳለው ማንትል ገብቷል። የቀሩት ጥቂት የአህጉር አሮጌ እምብርቶች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባርበርተን አለ፤ ቪልዮን የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1969 ኮማቲ በሚባለው ወንዝ ስም ኮማቲአይት ያሉትን ላቫ የገለጹት እዚያ ነው። ያ ላቫ ሲወጣ ሙቀቱ 1600 ዲግሪ ይደርስ ነበር ተብሎ ይገመታል። ዛሬ እንዲህ ያለ ላቫ የሚተፋ እሳተ ገሞራ የለም። የጥንቷ ምድር ውስጧ ምን ያህል ይግል እንደነበር ከዚህ ገምቱ። ሌላው እምብርት ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ፒልባራ ነው።

ፒልባራ ደረቅ፣ ቀይ፣ ድንጋዩ በሰፊው ያገጠጠበት አገር ነው። እዚያ ሃኒኢተር ባሳልት የሚባል ላቫ አለ፤ ስሙ የአንድ ዓይነት ወፍ ስም ነው። ዕድሜው 3180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። የእኛዋ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት አይደል? አንድ ሺህ ድንቅነሾች ዕድሜያቸውን ቀጣጥለው ቢደረድሩት ነው እዚያ የሚደረሰው። በሃርቫርድ የነበሩት አሌክ ብሬነርና ሮጀር ፉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ድንጋይ በስተው፣ ለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን ሳይንስ አድቫንስስ የሚባል መጽሔት ላይ አወጡ። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ 44 ዲግሪ ላቲቲዩድ ላይ ነበር፣ ስህተቱ ወደዚህም ወደዚያም 15 ዲግሪ። ይህንን በዚያው አካባቢ ቀደም ሲል ከተለኩ፣ ከሱ በ170 ሚሊዮን ዓመት ከሚያረጁ ድንጋዮች ጋር አነጻጸሩት። መሬቱ በዓመት ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ተጉዟል።

2.5 ሴንቲሜትር። የናሙናው ውፍረት ማለት ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ጠረጴዛዬ ላይ ካለችው አሮጌ ናሙና ጋር አስተያየሁት፤ ትንሽ ሳቄም መጣ። በ170 ሚሊዮን ዓመት ስታባዙት ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፣ ከአዲስ አበባ ሮም ትንሽ ቢጎድለው ነው። ዛሬ ያሉት ፕሌቶችም የሚሄዱት በዚህ ዓይነት ፍጥነት ነው።

እዚህ ጋ ነው ላቆማችሁ የምፈልገው። "ቢያንስ" የምትለዋን ቃል ዘልላችሁ አትለፉ። የምድር መስክ ስለ ቦታ የሚነግረን ላቲቲዩድን ብቻ ነው፤ ሎንጊቲዩድን አይነግርም። አንድ አህጉር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ድንጋዩ ምንም አልመዘገበም። ስለዚህ የተለካው የጉዞው የሰሜን ደቡብ ድርሻ ነው፣ ትክክለኛው ጉዞ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፣ ሊያንስ ግን አይችልም። ሰዎቹ ጮክ ብለው ሊያወሩበት የሚችሉት ውጤት በእጃቸው ይዘው "ቢያንስ" ብለው ጻፉ። ደግሞ ሌላም ነገር በግልጽ አስቀመጡ፦ ፕሌቱ ሳይሆን የምድር ጠንካራ አካል በሙሉ ከመሽከርከሪያ ዘንጓ አንጻር ዞራ ቢሆንስ? ያም ቢሆን ተመሳሳይ ልኬት ይሰጣል። የተጓዘው ፕሌቱ ነው የሚለውን እንደ ግምት ነው የወሰድነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመልሰው በዚያው በፒልባራ 3.25 ቢሊዮን ዓመት ያላቸውን ድንጋዮች ለኩ፤ በዓመት 6.1 ሴንቲሜትር አገኙ፣ የምድር መስክ የተገለበጠበትን፣ ማለትም ሰሜኑና ደቡቡ ቦታ የተለዋወጡበትን፣ ከሁሉ የቀደመ ምልክት አገኙ፣ የዘንጉንም ጥርጣሬ በዚያው ተጋፈጡት። የሁለት ዓመት ልዩነት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያስቀመጡት ጥርጣሬ ለሁለተኛው ሥራ ሆናቸው። ጥርጣሬውን ደብቀውት ቢሆን ሌላ ሰው ያነሳው ነበር፤ እነሱ ደግሞ መልስ ሲጽፉ ይውሉ ነበር።

እኔ ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ልንገራችሁ።

ናሙና ስትበሱ ከድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት አቅጣጫውን መመዝገብ አለባችሁ፤ ከተነቀለ በኋላ የድንጋይ ከሰል ቁራጭ እንኳ ይሻለዋል። ባሳልት ራሱ ማግኔት ስለሆነ ኮምፓስን ያሳስታል። ስለዚህ የፀሐይ ኮምፓስ እንጠቀማለን፤ የጥላውን አቅጣጫና ሰዓቱን በትክክል ትጽፋላችሁ፣ ፀሐይ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች አስልታችሁ ሰሜንን ታገኛላችሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ። ረዳቴ ማስታወሻ ላይ "4፡15" ብሎ ጻፈ። ጠዋት ነበር። በእኛ ሰዓት። ናሙናው ውጭ አገር ላብራቶሪ ሄዶ ከወራት በኋላ ስሌቱን ስሠራ፣ ፈረንጅ አገር ተቀምጬ፣ ፈረንጅ ሰዓት አስሬ፣ 4፡15ን ከሰዓት በኋላ አድርጌ አስገባሁት። ፀሐይን ከምሥራቅ አንስቼ ምዕራብ አስቀመጥኳት። አንድ ኮረብታ በሙሉ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ከመቶ ዲግሪ በላይ ዞሮ ተገኘ!

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልዞረ ኮረብታ ለምን እንደዞረ ሳብራራ ከረምኩ። ስንጥቅ ሣልኩ፣ የሚገፋ ኃይል ፈለግሁ፣ ለሁሉም ምክንያት አገኘሁለት፤ ሰው ምክንያት ማግኘት ሲፈልግ አያጣም። ማግኔት ኮምፓሱንም ለማነጻጸሪያ ብጽፈው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይያዝ ነበር። "ባሳልቱ ያሳስተዋል" ብዬ ጭራሽ አልጻፍኩትም። በመጨረሻ ያዳነኝ በዚያው ማስታወሻ ገጽ ጥግ ላይ የነበረ የረዳቴ ጽሑፍ ነው፦ "ቁርስ አልበላንም።" ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ቁርስ ያልበላ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ የማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሰዓት ስጽፍ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" እላለሁ፣ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ እጽፋለሁ፣ ሁለቱንም ኮምፓስ አነባለሁ፣ የበላነውንም እጽፋለሁ። ስልካችሁ ሁሉን ይመዘግባል ብላችሁ አትተማመኑ። ባትሪው የሚሞተው ጥሩው ድንጋይ ጋ ስትደርሱ ነው።

መብረቅም ሌላው ጠላታችን ነው፣ በተለይ በደጋ። የኮረብታ አናት ላይ ያለ ባሳልት መብረቅ ሲመታው ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በቅጽበት አዲስ ማግኔትነት ይጭንበታል። የሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ትውስታ በአንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ይሸፈናል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ ስታሳልፉት መርፌው ይጨፍራል። እንዲህ ሲሆን ድሪሉን አታስነሱ፣ ወደ ገደሉ ሥር ውረዱ። ለፎቶ የሚያምረው አናቱ ነው፣ አውቃለሁ።

ላብራቶሪ ከገባ በኋላ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ድንጋይ አንድ ትውስታ ብቻ የለውም። ከተወለደ በኋላ ሌላ ላቫ ከላዩ ፈሶ አሙቆት ይሆናል፣ ተራራ ሲሠራ ተጨፍልቆ ይሆናል፣ የዛሬውም መስክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጭንበታል። ስለዚህ ከምድር መስክ በተከለለ ምድጃ ውስጥ 100 ዲግሪ ታሞቁታላችሁ፣ ታቀዘቅዙታላችሁ፣ ትለካላችሁ። ከዚያ 150፣ 200፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 580። በየደረጃው አንድ ንብርብር ይለቃል። የቅርቡ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይለቃል፣ የጥንቱ እስከ መጨረሻው ይጸናል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ድንጋዩ ዝጎ ሄማታይት የሚባል ሌላ የብረት ማዕድን ሠርቶ ከሆነ ያ እስከ 680 ዲግሪ ይቆያል፣ በጽናቱ ታምኑታላችሁ፣ የትናንት ዝገት ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ድንጋዩ የሚናገረው የልደቱን ቀን ይሁን የኋላውን በምን ይለያል? ከሁሉም የምወደው ፈተና የእጥፋት ፈተና ነው። ጋቢ አልጋ ላይ ዘርጉና በላዩ ላይ ወደ በሩ የሚያመለክቱ ክብሪቶች ደርድሩ። ከዚያ ጋቢውን እጠፉት። ክብሪቶቹ ወደየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ዘርግታችሁ ስትመልሱት ሁሉም እንደገና በሩን ያያሉ። የታጠፈ የላቫ ንብርብርም እንዲሁ ነው፤ በስሌት ስትዘረጉት አቅጣጫዎቹ ከተሰበሰቡ ማግኔትነቱ ከእጥፋቱ በፊት ነበረ ማለት ነው። በተቃራኒው እንደታጠፈ አንድ አቅጣጫ ካሳየ ከእጥፋቱ በኋላ የመጣ ነው፤ ለጥያቄያችሁ አይሆንም። ሃኒኢተር ባሳልት ይህን ፈተና አልፏል። በዚህም አልቆሙም፤ የተወለወለ ስስ የድንጋይ ቁራጭ ላይ አልማዝ አስቀምጦ መስኩን በማይክሮን ደረጃ በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ማግኔትነቱን የያዘው የትኛው ማዕድን እንደሆነ አዩ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ከምትሰበስቡት ናሙና ብዙውን ትጥላላችሁ። መጣል ልመዱ። እኔ አንድ ክረምት የለፋሁበትን ሣጥን በሙሉ ጥዬ አውቃለሁ፤ አሁን የጓሮ አበባ መደብ ዙሪያውን ከቦታል፣ ባለቤቴ በጣም ትወደዋለች።

ልጁ "ታዲያ ይሄ አውስትራሊያ ነው፣ እኛ ምን አለን?" ብሎኝ ነበር። ልክ ነው፣ የፒልባራን የሚያህል ዕድሜ የኛ ባሳልት የለውም። የደጋችን ጥቁር ድንጋይ በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ለጂኦሎጂስት ትናንት ማለት ነው። ግን እጃችሁን የምታፍታቱበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ሊማሊሞ ሂዱ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ የላቫው ንብርብሮች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው ታያላችሁ፤ ከፊሎቹ የዛሬውን መስክ የመሰለ፣ ከፊሎቹ የተገለበጠ መስክ ይዘዋል። ንብርብሩን ስትነኩ ላዩ የእንጀራ ዓይን ይመስላል፣ ጋዝ የወጣበት ነው። ታቹ ድፍን ነው። የምትበሱት ድፍኑን ነው።

አፋርም አለን። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ መሬት ተሰነጠቀ። 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ቀልጦ ከታች የወጣ አለት እንደ ግድግዳ ገባ፣ መሬቱም በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በሳምንታት ውስጥ! ያ አካባቢ በአማካይ የሚከፈተው ግን በዓመት 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 8 ሜትርን ለ2 ሴንቲ አካፍሉት፣ የ400 ዓመት ሒሳብ በአንድ ወር ተከፈለ ማለት ነው። አሁን ወደ ፒልባራ ተመለሱ። "በዓመት 2.5" የ170 ሚሊዮን ዓመት አማካይ ነው። ውስጡ ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? በእርጋታ ሄዶ ይሆናል፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ቆሞ ድንገት ሮጦ ይሆናል። ጸሐፊዎቹም ሁለቱንም በር ክፍት ትተዋል። የአፋር ልጅ መሬት እንዴት እንደምትከፈት ያየ ስለሆነ አማካይ ቁጥር አያታልለውም ባይ ነኝ፤ እናንተ ከሌላው አገር ተማሪ የምትቀድሙበት ነገር ካለ ይሄ ነው።

የተግባር ነገር ጥቂት ልጨምር። ሒሳብ፣ በተለይ በሉል ላይ የሚሠራ ትሪጎኖሜትሪ፣ አትሽሹ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሩ፤ እኔ በሽምግልናዬ ተምሬዋለሁ፣ ዩቲዩብ ላይ ነው የተማርኩት። ናሙና ውጭ ስትልኩ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። አንድ ጊዜ ፈታሿ ሻንጣዬን ከፍታ "ጋሼ፣ ድንጋይ ይዘው ነው ፈረንጅ አገር የሚሄዱት? እዚያ የለም?" ብላኛለች። ወረቀቱ በእጄ ባይኖር ምን እል ነበር? ውጭ ስትሄዱ ደግሞ ማሽኑን መጠቀም ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ የሚጠግነውን ቴክኒሽያን ወዳጅ አድርጉ። ከፕሮፌሰሩ ይልቅ እሱ ያስተምራችኋል።

አንተ ደግሞ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ቅዳሜ ና። አሮጌው ድሪል ምድር ቤት ነው፣ ካርቡሬተሩ መጽዳት አለበት፣ ቤንዚን እኔ እገዛለሁ። እንጦጦ ሥር አንድ የማውቀው ካባ አለ፣ ዘበኛው ወዳጄ ነው። ጀሪካኑን አንተ ትሸከማለህ። ቁርስ በልተህ ና።